36 ዓመቴ ነው፤ ሰይፍ ለመማር ረፍዶብኛል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «36 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምሠራው። ስፖርት ሠርቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን የሰይፍ ፍልሚያ ሳይ ልቤ እዚያው ይቀራል። ኦሊምፒክ ላይ የሚታየውን ፌንሲንግ ልጀምር? ወይስ የጃፓኑን ኬንዶ? ወይስ ያንን በሁለት እጅ የሚያዘውን የጥንት ረጅም ሰይፍ? ረፍዶብኝ ይሆን? አደጋውስ? አንድ ሰይፍ ገዝቼ ለጊዜው ቤት ብለማመድስ? ግራኝ መሆኔንም ልናገር፤ ምናልባት ለውጥ ካለው።»

ጥያቄዎን ሳነብ ራሴን ነው ያስታወስኩት። እኔም ሰይፍ የያዝኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። አሁን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። የማሠለጥናቸውም በአብዛኛው እንደ እርስዎ ካደጉ በኋላ የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ። አንዱን ግን ከወዲሁ ልበል፤ ቤት ለመለማመድ ብለው ሰይፍ አይግዙ። ገና አይግዙ። ምክንያቱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

ረፍዶብኝ ይሆን ላሉት፣ አልረፈደም። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ፌንሲንግ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የራሱ የዓለም ሻምፒዮና አለው። ከ60 በላይ፣ ከ70 በላይ እየተባለ ተከፍሎ ነው የሚካሄደው። የሃንጋሪው አላዳር ጌሬቪች እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ሳብር በሚባለው የፌንሲንግ መሣሪያ በቡድን ወርቅ ሲያገኝ 50 ዓመቱ ነበር። እርግጥ እሱ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘው በ1932 ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲፋለም ነው የኖረው። እርስዎ ኦሊምፒክ አይሄዱም። ግን ይህ ስፖርት ሰውን በ30 ዓመቱ ጡረታ እንደማያወጣ እንዲያውቁልኝ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚካሄድ ፌንሲንግም አለ፤ በዚያው በ1960 ሮም ላይ ከተካሄደው የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ጀምሮ ያለ ውድድር ነው። ወንበሮቹ በብረት ይታሰራሉ። ወደ ኋላ መሸሽ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ነገር በእጅና በወገብ ፍጥነት ነው የሚያልቀው።

የ16 ዓመት ልጅ በእግር ይቀድምዎታል። ይህን ይቀበሉት። እርስዎ ደግሞ መጠበቅ ይችላሉ። ልጁ ሦስት ጊዜ ዘሎ ሲስት እርስዎ ቆመው ያዩታል። አራተኛው ላይ ሲመጣ እጅዎን ብቻ ይዘረጉለታል፤ ራሱ መጥቶ ጫፉ ላይ ያርፋል። ይህን በዓይኔ ስንቴ እንዳየሁት! ካደጉ በኋላ የጀመሩ ሰዎች ይህን ነገር ቶሎ ነው የሚይዙት። ጉልበትዎ ወይም ወገብዎ ላይ የቆየ ሕመም ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ይህ ስፖርት ጉልበት ይጠይቃል፤ የእግሩን ጉልበት ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «የቱን ልምረጥ?» ነው ያሉት። እኔ የምመልስልዎ ትንሽ ለየት ብሎ ነው፤ ሰይፉን ሳይሆን ቤቱን፣ የሚማሩበትን ክለብ ማለቴ ነው፣ ይምረጡ። ሰይፍ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር አይደለም። ፊት ለፊትዎ የሚቆም ሰው ያስፈልግዎታል። ያ ሰው ማን ነው? እንዴት ይመታል? ሲመታስ እንዴት ይሆናል? አንድ ዓመት በኋላ እርስዎ እዚያ መኖር አለመኖርዎን የሚወስነው ይህ ነው። «እኔ የምፈልገው ሳብር ብቻ ነው» ብሎ ርቆ ሄዶ በሁለት ወሩ ያቆመ ሰው አውቃለሁ። ቅርቡ ያለውን ኬንዶ ቤት «እስቲ ልየው» ብሎ ገብቶ 10 ዓመት የቆየም አውቃለሁ።

ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት በአካባቢዎ ያሉትን ሁሉ እየዞሩ አንዳንድ ምሽት ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ጫማዎን አስረው ሳይሆን እጅዎን አጣጥፈው። ጥቂት ነገር ልብ ይበሉ። ዓመታት የቆዩት ሰዎች ከአዲሶቹ ጋር ይጫወታሉ? ወይስ ጥግ ይዘው እርስ በርሳቸው ብቻ ነው? ጭምብል ያላደረገ ሰው ሰይፍ ወደ ሰው ሲያነሣ አሠልጣኙ ወዲያው ይጮኻል? ካልጮኸ ከዚያ ቤት ይውጡ። ጀማሪዎቹ ሁሉ የ9 ዓመት ልጆች ናቸው ወይስ ለአዋቂ የተለየ ሰዓት አለ? ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ የተነካው ሰው ራሱ «ነካኸኝ» ይላል? እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ይህችን የመጨረሻዋን ነው። ማንም ዳኛ በሌለበት «ነካኸኝ» የሚባልበት ቤት ካገኙ፣ ያለው መሣሪያ ምንም ይሁን ምን እዚያ ይግቡ።

እንግዲህ እያንዳንዱ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ፤ ሲያዩ ምን እያዩ እንደሆነ እንዲገባዎት።

ፌንሲንግ ሦስት መሣሪያ አለው፤ ፎይል፣ ኤፔና ሳብር። ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ሲገቡባቸው ግን ሦስት የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው። ፎይል ቀላል ነው፤ ክብደቱ ከ500 ግራም አይበልጥም። ነጥብ የሚገኘው በጫፉ በመውጋት ብቻ ነው፤ የሚቆጠረውም ደረት፣ ሆድና ጀርባ ላይ ሲያርፍ ነው። እጅና እግር አይቆጠርም። ሳብርም ቀላል ነው፤ ግን ከመውጋት ሌላ በጎኑም መምታት ይቻላል። ከወገብ በላይ ያለው፣ ጭንቅላትና ክንድ ጭምር፣ ዒላማ ነው። ሳብር መብረቅ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ሁለት ነጥብ ያመልጥዎታል። ኤፔ ከበድ ይላል፤ እስከ 770 ግራም ይደርሳል። እንደ ፎይል በጫፍ ብቻ ነው የሚወጋበት። ዒላማው ግን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ነው።

ትልቁ ልዩነት ክብደቱ አይደለም። በፎይልና በሳብር «የቅድሚያ መብት» የሚሉት ሕግ አለ። ሁለት ሰዎች አብረው ቢነካኩ ነጥቡ ጥቃቱን ቀድሞ ለጀመረው ነው። ሌላው ነጥብ ከፈለገ መጀመሪያ መመከት አለበት። ከመከተ በኋላ ተራው የእሱ ይሆናል። ከበስተጀርባው ያለው ሐሳብ ደስ ይላል፤ የተሳለ ሰይፍ እየመጣበት ዝም ብሎ መልሶ የሚወጋ ጤነኛ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ራሱን ያድናል። ለጀማሪ ግን ይህን ማንበብ ጊዜ ይፈጃል። ንክኪን የሚያሳየው መብራት ለሁለቱም ይበራል፤ ዳኛው ለአንዱ ይሰጣል፤ እርስዎ «ለምን?» እያሉ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

በኤፔ ይህ ጣጣ የለም። ቀድሞ የነካ ያገኛል። ሁለቱ ከሰከንድ 25ኛ እጅ ባነሰ ልዩነት ከተነካኩ ለሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። የሰይፉ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች። ከ750 ግራም በላይ ግፊት ሲያርፍባት መብራቱን ታበራለች። በቃ። ለዚህ ነው ካደጉ በኋላ ለሚጀምሩ ሰዎች ምርጫው ካለ ኤፔን የምመክረው። ትዕግሥትን የሚከፍል መሣሪያ ነው። የተጋጣሚዎ እጅ ከብረት መከለያው ጀርባ አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች። ሁለት ጣት የምታህል ነጭ ጓንት ትታያለች። ትጠፋለች። ደግሞ ትታያለች። እርስዎ አንድ ደቂቃ ሙሉ ወደፊት ወደ ኋላ ሲሉ የነበረው ለእሷ ነው። ብቅ ስትል ክንድዎን ብቻ ዘርግተው ነካ! መብራቱ ይበራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ አጥቶ ነው የሚያድረው፤ እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ጨዋታው የሚካሄደው ፒስት በሚሉት 14 ሜትር ርዝመት ባለው ጠባብ መጫወቻ ላይ ነው። ወርዱ ቢበዛ 2 ሜትር ነው። ስለዚህ ወደ ጎን መዞር ብዙም የለም፤ ወደፊትና ወደ ኋላ ነው። በውድድር የመጀመሪያው ዙር 5 ነጥብ ወይም 3 ደቂቃ ነው። ተሸናፊው በሚወጣበት ዙር 15 ነጥብ ነው። 3 ደቂቃ ሲያነቡት አጭር ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን ሲጫወቱት ያዩታል፤ ጭምብሉ ውስጥ ትንፋሽዎ ብቻ ነው የሚሰማዎት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ሰይፍ አይደሉም። እግር ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ተዘጋጅተው ይሂዱ። የፊት እግር ቀጥ ብሎ ወደ ተጋጣሚው ያያል። የኋላው ወደ ጎን ይዞራል። ጉልበቶች ይታጠፋሉ። ወገብ ቀጥ ይላል። በዚህ አቋም ወደፊት አንድ እርምጃ፣ ወደ ኋላ ሁለት፣ ወደፊት ሦስት፤ እንዲህ እያሉ ግማሽ ሰዓት። በማግስቱ ደረጃ ሲወርዱ ጭንዎ ያለቅሳል። ጤነኛ ሕመም ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ግን ወዲያው ያስተካክሉት። ጉልበቱ ሁልጊዜ የእግር ጣት ወደሚያይበት አቅጣጫ ነው መታጠፍ ያለበት። ጉልበታቸውን የተጎዱ ሰዎችን ስጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ነገር ይኸው ነው።

እግሩ ለምን እንዲህ እንደሚያስፈልግ በአንዲት ጨዋታ ላሳይዎ። እኔ አንድ ጓንት በተዘረጋ ክንዴ እይዛለሁ። ተማሪው ከፊቴ በዝግጁ አቋም ይቆማል። ሳልናገር ጓንቱን እለቃለሁ። እሱ መሬት ሳይነካ ወደፊት ዘልቆ መያዝ አለበት። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው፤ መጀመሪያ እግሩን ያነሣል፤ ቀጥሎ በትከሻው ይደፋል፤ እጁ መጨረሻ ላይ ትደርሳለች። ጓንቱ እስከዚያ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ተማሪ ነበረኝ። ከእርስዎ በዕድሜ ትንሽ ይበልጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ጊዜ አልያዘውም። አንድ ምሽት «እግርህን እርሳው፤ እጅህን ብቻ ላካት፤ እግርህ ራሱ ይከተላታል» አልኩት። ለቀቅኩ። ያዘው። ጓንቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ጓንቱን አየ። «ድገመው» አለኝ። ያን ምሽት አርባ ጊዜ ያህል ሳንደግመው አልቀረንም። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ እግር። መውጋት ማለት ያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ርቀት ነው። ክንድ በመዘርጋት ብቻ የሚደርስ ርቀት አለ። ዘልቆ በመውጋት የሚደርስ አለ። አንድ እርምጃ ጨምሮ የሚደርስ አለ። ጥሩ ተጫዋች ማለት ከእነዚህ ከየትኛው ውስጥ እንዳለ ሁልጊዜ የሚያውቅ ሰው ነው። ሲያጠቁት ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ጫፍዎ ደረቱ ጋ ሊደርስ ሁለት ጣት ሲቀረው ይቆማል። መመከት እንኳን አላስፈለገውም። ይህን እጅ ላይ ማግኘት ዓመታት ይወስዳል። በየሳምንቱ ግን ትንሽ ትንሽ ሲመጣ ይታወቅዎታል።

ወደ ኬንዶ ልለፍ። እዚህ የሚያዘው ሺናይ ነው፤ ከአራት የቀርከሃ ፍላጭ የተሠራ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ። ዒላማዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ጭንቅላት፣ አንጓ፣ ጎንና ጉሮሮ። የጉሮሮው ለጀማሪ አይደለም። በባዶ እግር ነው የሚሠራው። እና ይጮኻሉ! የሚመቱትን ቦታ ስም እየጠሩ ከሆድ ይጮኻሉ። ዝምተኛ ሰው ከሆኑ የመጀመሪያው ቀን ይከብድዎታል። ጩኸቱ ግን ጌጥ አይደለም። በኬንዶ ሺናዩ ስለነካ ብቻ ነጥብ የለም፤ መንፈሱ፣ ሰይፉና አካሉ በአንድ ቅጽበት አብረው መድረስ አለባቸው። ሦስት ዳኞች ያንን ነው የሚያዩት። ነጥብ አግኝቶ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ የጨፈረ ሰው ያገኘው ነጥብ ሊሰረዝበት ይችላል። እኔ የፌንሲንግ ሰው ነኝ። ይህን ነገራቸውን ግን በጣም ነው የማከብረው።

ኬንዶ ቀስ ያለ መንገድ ነው። የራስ መከላከያውን፣ የደረቱንና የእጁን ትጥቅ ከመልበስዎ በፊት ወራት መሠረታዊ ምት ብቻ ሊሠሩ ይችላሉ። የማዕረጉም ጉዞ ረጅም ነው። 8ኛ ዳን ለሚሉት ማዕረግ ለመፈተን ቢያንስ 46 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። 7ኛውን ካገኙ በኋላም 10 ዓመት መጠበቅ አለ። ከ100 ተፈታኝ አንድ ሰው ቢያልፍ ነው። ዕድሜዬ ሄደ ብሎ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ቤት አላውቅም። ሰውነት ላይ የሚከብደው የግራ እግር ነው። ተረከዙ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ይጨነቃል፤ የእግር መዳፍም ውሃ ይቋጥራል።

ከሰው ጋር መመታታት ጭራሽ የማይፈልጉ ከሆነ ኢያይዶ የሚባል ሌላ የጃፓን የሰይፍ ጥበብ አለ። ሰይፉን ከአፎቱ መምዘዝ፣ መቁረጥና መልሶ መክተት ነው፤ ብቻዎን፣ በዝግታ፣ በጥንቃቄ። ስል ያልሆነ ብረት ነው ጀማሪው የሚይዘው። «ሰይፍ ብቻውን የሚሠራ አይደለም» ካልኩት ውጪ የሆነ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መምህር ይፈልጋል።

አሁን ልብዎ ወዳለበት፣ ወደ ረጅሙ ሰይፍ። የጥንት የአውሮፓ ሰይፍ ትምህርት በሕይወት ያለ መምህር አላስተላለፈውም፤ ተቋርጦ ነበር። ዛሬ የሚሠሩት ሰዎች ከብራና ጽሑፎችና ከድሮ ሥዕሎች እያነበቡ ነው መልሰው የገነቡት። ከሁሉ ቀዳሚ የሚባለው ብራና 1300ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈ ነው። በሥዕሉ ላይ አንድ ቄስ ተማሪውን ሰይፍና ትንሽ ክብ ጋሻ ሲያስተምር ይታያል። መጨረሻው ገጾች ላይ ደግሞ ዋልፑርጊስ የምትባል ሴት ሰይፍ ይዛ ትፋለማለች። 700 ዓመት ያለፈው ሥዕል ነው! ጣሊያናዊው ፊዮሬ ዴ ሊቤሪ 1400ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ጀርመናዊው ዮአኪም ማየር እ.ኤ.አ. በ1570 ያስቀሩልን ትምህርት ዛሬም በየልምምድ አዳራሹ ይነበባል። ማንበብ የሚወድ ሰው ከሆኑ ይህ ቤት የእርስዎ ሊሆን ይችላል። አንድ አንቀጽ ያነባሉ፤ ተነሥተው ይሞክራሉ፤ «እንዲህ ሊሆን አይችልም» ይላሉ፤ ተመልሰው ያነባሉ።

አንድ የተሳሳተ ነገር ላርም። ረጅም ሰይፍ ከባድ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። በሁለት እጅ የሚያዘው የዘመኑ ሰይፍ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ተኩል ብዙም አይርቅም። የልምምዱ ብረትም በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ ጉልበተኛ መሆን አያስፈልግም። ሆኖም 1 ኪሎ ተኩል ብረት በፍጥነት ሲመጣ ቀልድ አይደለም። እዚህ ስፖርት ውስጥ በብዛት የሚጎዳው ጣት ነው። ከባድ ጓንት፣ የጉሮሮ መከላከያ፣ ከኋላም ጭንቅላትን የሚሸፍን ጭምብል ግዴታ ነው። ሌላው ልብ የሚባል ነገር፣ በፌንሲንግና በኬንዶ እንዳለው ሁሉንም የሚያስተዳድር አንድ ሥርዓት እዚህ የለም። ከቤት ቤት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ስለዚህ ያንን ቁጭ ብለው የሚያዩበትን ምሽት እዚህ ሁለት ምሽት ያድርጉት። ተማሪዎቹ በልምምድ ላይ ኃይላቸውን መቆጣጠር ይችላሉ? የተመታ ሰው ሲያመው ጨዋታው ይቆማል? ይህን ይዩ።

የፊሊፒንሱ አርኒስ፣ ኤስክሪማም ይባላል፣ ራታን ከሚባል ተክል በሚሠራ ዱላ የሚካሄድ ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2009 በሕግ ብሔራዊ የማርሻል አርትና የስፖርት ዓይነት አድርጋዋለች። ለእጅ ፍጥነት ወደር የለውም። የቻይናው ታይ ቺ ሰይፍ ደግሞ ለመገጣጠሚያ የዋህ ነው። አጠገብዎ ያለው አንዱ ከሆነ ከመግባት ወደኋላ አይበሉ።

አደጋውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮም ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሶቪየቱ ቭላዲሚር ስሚርኖቭ ሞቷል። የ1980 የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ነበር። የተጋጣሚው ፎይል ተሰበረ፤ የተሰበረው ብረት ጭምብሉን ጥሶ ገባ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፈ። ዛሬ እርስዎ የሚለብሱት ልብስ የተለወጠው በእሱ ሞት ነው። የጭምብሉ ሽቦ ጠነከረ። ልብሱ ላይ ጥይት መከላከያ የሚሠራበት ዓይነት ክር ገባ። ሰይፉ ስንጥቅ ቀስ ብሎ ከሚያድግበት ብረት መሠራት ጀመረ። በዓለም አቀፍ ውድድር ጃኬቱ 800 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) መቋቋም አለበት፤ ከሥሩ በሰይፍ ክንድ በኩል ሌላ 800 ኒውተን የሚችል መከላከያ ይለበሳል። በዚህ ልብስ ውስጥ ሆነው የሚያገኙት ጉዳት ወለምታ፣ የጉልበት ሕመምና ሳንቲም የሚያክል ሰማያዊ ምልክት ነው። ከሰይፉ ይልቅ የራስዎ እግር ነው የሚያስፈራው።

ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው መሣሪያው ሲጠበቅ ነው። ከመጫወትዎ በፊት ብረቱን ከሥር እስከ ጫፍ በጨርቅ ጠረግ ያድርጉት። ጨርቁ የያዘበት ቦታ ካለ ቆም ብለው ይዩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሹል ሆኖ የሚታጠፍ ብረት ሊሰበር ነው። የኬንዶ ሰዎች ደግሞ ሺናዩን በመዳፋቸው ጨምቀው ፍላጮቹን ይፈትሻሉ፤ የተሰነጠረ ቀርከሃ በጭምብሉ ፍርግርግ አልፎ ዓይን ሊገባ ይችላልና። የዛገ ጭምብል አያድርጉ። የክለቡ ቢሆንም፣ አሠልጣኙ «ምንም አይልም» ቢልም አያድርጉ።

ወደ ሰይፉ ግዢ ልመለስ። እኔ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የሚያምር ሰይፍ በኢንተርኔት ገዛሁ። የሻጩ ማስታወቂያ «ለውጊያ የተዘጋጀ» ይል ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ክፍሌ ውስጥ ሳወዛውዘው ብረቱ ከእጀታው ተነቅሎ በረረ። መጋረጃውን ቀዶ ግድግዳው ላይ አረፈ። እጄ ላይ የቀረው እጀታው ብቻ ነበር። በኋላ ፈትቼ ሳየው፣ ብረቱ ወደ እጀታው የሚገባው የመጻፊያ እርሳስ በምታክል ቀጭን ዘንግ ነበር፤ እሷም በብየዳ ነበር የተያያዘችው። ግድግዳ ላይ ለመሰቀል የተሠራ ጌጥ ነበር። አጠገቤ ሰው አለመኖሩን ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። ለዚህ ነው «አይግዙ» ያልኩት። ዱላ ይዘው ከጓደኛ ጋር ያለ ጭምብል መሞከርንም አደራ ይተዉት። ዓይን ምትክ የለውም።

አብዛኞቹ ክለቦች ለጀማሪ ሰይፍና ልብስ ያውሳሉ። መጀመሪያ የሚገዙት ጓንት ነው፤ የሌላ ሰው ላብ ያለበት ጓንት ማንም አይወድም። ቀጥሎ ጭምብል፤ በልክዎ ሆኖ፣ ጭንቅላትዎን ሲነቀንቁ የማይወዛወዝ። ከዚያ ጃኬትና ሱሪ። ሰይፍ መጨረሻ ነው። እስከዚያ የትኛው እጀታ እጅዎ ላይ እንደሚመች ያውቃሉ።

ቤት ውስጥ መሥራት ከፈለጉ ሰይፍ የማይጠይቅ ሥራ አለ። በቀን 10 ደቂቃ እርምጃውን መስታወት ፊት ይሥሩ። አንድ ትንሽ ኳስ በክር ከበር መቃን ላይ ያንጠልጥሉ። ጣትዎን እንደ ጫፍ ቀስረው፣ እጅ ቀድሞ እግር ተከትሎ፣ ኳሱን መሐሉ ላይ ይንኩት። ሲወዛወዝ ይጠብቁት፤ ሲመጣ ደግመው ይንኩት። የማይሰለች ነገር ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ እሠራዋለሁ።

ግራኝነትዎን መጨረሻ አደረግኩት፤ ምክንያቱም ደስ የሚል ዜና ነው። በፌንሲንግ ግራኝ መሆን ጥቅም ነው። አብዛኛው ሰው የሚለማመደው ከቀኝ እጅ ጋር ነው። እርስዎ ፊቱ ሲቆሙ የለመደው መስመር ሁሉ ይገለበጥበታል። የእርስዎ ሰይፍ ያለው በሰይፉ ጎን ነው፤ ለመክፈት የለመደው በር ተዘግቷል። እርስዎ ግን ቀኝ እጆችን በየቀኑ ነው የሚያገኟቸው። በትላልቅ ውድድሮች ግራኞች በብዛት የሚታዩት ለዚህ ነው። በኬንዶ ግን ግራኝም ቀኝም አያያዙ አንድ ነው፤ ቀኝ እጅ ከላይ፣ ግራ እጅ ከታች። እዚያም አይከፉም፤ ሺናዩን የሚመራው ኃይል ከታችኛው፣ ከግራ እጅ ነው። ፌንሲንግ ከመረጡ ለመጀመሪያ ቀን ከመሄድዎ በፊት ክለቡ ደውለው ግራኝ መሆንዎን ይንገሯቸው። የግራ እጅ ጓንትና ዚፑ በቀኝ በኩል የሆነ ጃኬት ፈልገው ያቆዩልዎታል። እጀታውም ለግራ የተሠራ መሆን አለበት። ይህን ሳይናገሩ ቢሄዱ የመጀመሪያ ቀንዎን በማይመች ልብስ ነው የሚያሳልፉት።

የትኛውን ቤት እንደመረጡ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። እዚያ ያዩትን ይንገሩኝ፤ ስለ መሣሪያው ልክና ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልምምድ ያኔ በዝርዝር እንነጋገራለን።